የድንቡሼ ሳል

ደንበኛው ያዘዘው ሳል ነበር።

"የጠዋት ሳል ይሁንልኝ" ይላል ስም የሌለው ትዕዛዝ፤ "የሰማው ሁሉ ከቤቱ ሮጦ እንዲወጣ፣ ከዚህ በፊት ካለኝ የባሰ።" አጥናፉን አልገረመውም። የአዳማ መኪና ሁሉ በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እግረኛው ኮቴያቸው ሳይሰማው እየተገጨ ስላስቸገረ፣ እያንዳንዱ መኪና የሆነ ድምፅ እንዲኖረው ተወስኗል። አጥናፉም በዚህ ሰበብ ድምፅ ቀማሚ ሆነ፤ ማለትም ዝም ለሚል መኪና የሞተር ድምፅ እየሠራ የሚሸጥ ባለሙያ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዳገት ያቃተው የጭነት መኪና ልቅሶ አዞት ነበር። አንዷ ሙሽራ ደግሞ ከበሮ።

ሳሉን ሲቀምም መጀመሪያ ደረቅ ጉሮሮ አስገባ፣ ቀጥሎ አክታ ጨመረበት፣ ወደ መጨረሻው ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ የኖረ ሽማግሌ የሚመስል ነገር ወጣው። ማሳረጊያው ላይ እንደ ልማዱ አንዲት ቀጭን ስቅታ ጣለ። ሠዓሊ ሥዕሉ ጥግ ላይ እንደሚፈርመው፣ የእሱም ፊርማ ስቅታ ናት።

እጁ ይሥራ እንጂ ሐሳቡ እዚያ አልነበረም። እሁድ እየመጣ ነው፤ እሁድ ደግሞ እርጋታ ለሦስተኛ ጊዜ ከቆመች መታጠቧ ነው።

እርጋታ መኪናው ናት። ስሟን ያወጣላት ፋብሪካው ነው። ልብ-አወቅ የሚባል አእምሮ አላት፤ አጥናፉ እጁ ላይ ባሰረው አንባር በኩል የልቡን ትርታ እያዳመጠ፣ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ እያጠና የሚያስተናግደው። ሲሞቀው ታቀዘቅዛለች፣ ሲከፋው ትዘፍንለታለች፣ ሲዋሽ ዝም ትለዋለች። ተበላሽታ አታውቅም። ለምን ትበላሻለች? ውስጧ እኮ የሚበላሽ ነገር የለም።

ከእርጋታ በፊት ድንቡሼ ነበረች። ቢጫ፣ ክብ፣ የቤንዚን፣ በር ሲዘጋባት መስታወቷ የሚወርድ። ማደያዎቹ አንድ በአንድ ጭማቂ ቤት ሲሆኑ አጥናፉ ተስፋ ቆረጠና ማዶ ላለው ጎረቤቱ ለሙሉዓለም ሸጣት። ሙሉዓለም የቅርስ ሰሌዳ አወጣላት፤ እሁድ እሁድ ብቻ እንድታጨስ ተፈቀደላት። ድንቡሼ ግን እሁድ እሁድ አትነሳም። ታስላለች፣ ትንፈቀፈቃለች፣ ዝም ትላለች። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣና ይገፋታል። አንዱ ፒጃማውን ለብሶ፣ አንዱ የጥርስ ብሩሹን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ሳያስነኩ ከኋላ ሆነው ያዛሉ።

አጥናፉ ይህን አራት ዓመት ሙሉ በመስኮት ነው ያየው። አንዴም ወጥቶ አልገፋም። የራሱን ድንቡሼ፣ በሌላ ሰው መሪ?

ሚስቱ ትርንጎ አንድ ቀን መጋረጃው ሥር አገኘችው። "ከፈታሃት ስንት ዓመትህ ነው?" አለችው። "እኔን ብትፈታኝ እንዲህ በመስኮት ታየኛለህ?"

"እሱ ማርሽ ሲያስገባ ያንገጫግጫታል እኮ። አይሰማሽም?"

"የሚሰማኝስ ያንተ ጥርስ ነው።"

ያ ሁሉ የተቀየረው ከሁለት እሁድ በፊት ነው። አጥናፉ በእርጋታ ወደ ገበያ ሊሄድ ሲወጣ፣ ልክ ሙሉዓለም በር ላይ ቀጥ አለች። ድንቡሼን ሊገፋ የወጣው ሰው ለአፍታ ፈዝዞ ቀረ።

"ኤሌክትሪክም ትገፋለች እንዴ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ትገፋለች ተባለና ግማሹ ሰው ወደ እርጋታ ዞረ። አጥናፉ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ግፉ እንጂ፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?" ሲል ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። ሙሉዓለም ከድንቡሼ መሪ ጀርባ አንገቱን እንደ ሰጎን አርዝሞ ሲያየው ደግሞ ደስታው ወሰን አጣ። በሁለተኛው እሁድ እርጋታ እዚያው ደግማ ስትቆም ድንቡሼ ጋ የቀሩት እትዬ ጥሩወርቅና አንድ ውሻ ብቻ ነበሩ።

ሰኞ ግን ከፋብሪካው መልእክት ደረሰው። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቆመ መኪና ልብ-አወቁ ይታጠባል። ታጥባ ስትመለስ ቀለሟ ያው፣ ድምፅዋ ያው፣ ስለ እሱ የምታውቀው ግን ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ራሱን ሲያመው ማንም ሳይነግራት መብራቷን የምታደበዝዝለት መኪና፣ ስሙን ልትጠይቀው ነው።

ሳሉን ለደንበኛው ልኮ ቤቱ እንደገባ ሄዶ እርጋታ ውስጥ ተቀመጠ። ባትሪዋ ሙሉ ነው። ምርመራው ሁሉ "ጤነኛ" ይላል።

"ምን ሆነሽ ነው የምትቆሚው?"

"ምንም አልሆንኩም" አለች እርጋታ። "እርስዎ ድንቡሼን ሲያዩ ትርታዎ ይጋልባል። እኔን ሲነዱ የተኛ ሰው ትርታ ነው ያለዎት። እሷ ኖሯት እኔ የሌለኝ ምንድን ነው ብዬ አጠናሁ። መበላሸት ነው።"

"ቀንተሽ ነው በይኛ።"

"ቅናትን የማውቀው ከእርስዎ አንባር ነው። ሌላ ናሙና የለኝም።"

አጥናፉ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "ስሚኝ። ሳትበላሺም እወድሻለሁ።"

እርጋታ ዝም አለች። ሲዋሽ የምትለውን ዝም።

"ቢያጥቡሽ እኮ እኔን አታውቂኝም" አላት።

"የታጠበች መኪና አትቀናም። ለእርስዎም እረፍት ነው።"

ትርንጎ ከበረንዳው ሆና "ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?" ስትል ሰማት።

"ከመኪናዋ ጋር።"

"ስለምን?"

"ስለ ድንቡሼ።"

"ለመሆኑ እዚህ ቤት እኔ ስንተኛ ነኝ?" ብላ በሩን ዘጋችው።

እሁድ ጠዋት አጥናፉ እርጋታን ግቢ ውስጥ ተዋት። ካልወጣች አትቆምም፤ ካልቆመች አትታጠብም። ደግሞም አንባሩ እጁ ላይ ስላለ፣ ከድንቡሼ ምኗን እንደሚወድ ከቅርብ ሆና ትስማና ይውጣላት ብሎ በእግሩ ተሻገረ።

"ኧረ የቀድሞው ባል መጣ" አለ ሙሉዓለም በመስኮት። "አይዞህ፣ ቂም የለም። ከኋላ ነው ቦታህ።"

"ከፊት ሆኜ ስታየኝ ከርመሃል፤ ዛሬ ደግሞ ከኋላ ሆኜ እየኝ" አለና አጥናፉ እጁን የድንቡሼ ጀርባ ላይ አሳረፈ። በቀኙ ባለ ፒጃማው፣ በግራው ባለ ጥርስ ብሩሹ ትከሻቸውን ከትከሻው አስጠጉ። እትዬ ጥሩወርቅ "በሉ እንግዲህ" ሲሉ ሁሉም እኩል ተጫነ። ልቡ ዘለለች።

ድንቡሼ ሳለች። ደረቅ ጉሮሮ። አክታ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ የኖረ ሽማግሌ። መጨረሻ ላይ ቀጭን ስቅታ።

አጥናፉ መግፋቱን ተወ። ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ፤ ከውስጥ ምንም የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። ጭሱን ሳበው። ጭሱ ሠርግ ሠርግ ይሸታል። ተነሥቶ ወደ ሙሉዓለም መስኮት ሄደ።

"ይህ ሳል የኔ ነው" አለው በሹክሹክታ።

ሙሉዓለም ፊቱ አመድ መሰለ። "ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"ሞተሯስ?"

"ካወጣሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቤንዚን ከየት ላምጣ? በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። ጭሱን ከሠርግ አዳራሽ ነው የገዛሁት። የድሮው ሳል የራሷ ነበር፤ ሞተሯ ሳይወጣ ቀድቼው።" ወደ ሰዉ ሰረቅ አድርጎ አየ። "ያንተዋ ሰዉን ስትወስድብኝ ጊዜ ግን የባሰ አዘዝኩ።"

"ልትነሳ እየቻለች ታስገፋናለህ?"

"በየሳምንቱ ብትነሳ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሰው የት አገኘው ነበር?"

አጥናፉ ሁለት ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ መኪና ሲቀና መኖሩ ገባው። ጉሮሮው ድረስ የመጣው ቃል አንድ ነው፤ ቢለቀው ሙሉዓለም ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ደስ ይል ነበር። ዞሮ ሰዉን አየ። ባለ ፒጃማው እጁን እያሻሸ ይጠብቃል።

"ምን ታወራላችሁ? ክንዳችን ዛለ እኮ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምንም ሳይነኩ።

ይኼኔ የአጥናፉ ግቢ በር በራሱ ተከፈተና እርጋታ ብቻዋን ወጣች። መንገዱ መሀል ደርሳ አልቆመችም። ቀስ ብላ መጣች፣ ግንባሯን ድንቡሼ ጀርባ ላይ አስደገፈች፣ ገፋቻት። ድንቡሼ እንደ ኳስ ተስፈንጥራ ሄደች፤ የሰዉ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያጨበጨበ የለም።

"ማን ጠራት?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ተቆጥተው። "እኛ ምን ልንሠራ ነው ታዲያ?"

እርጋታ በአንባሩ በኩል ለአጥናፉ ብቻ ተናገረች። "ድንቡሼ እንደ እኔው ናት። መበላሸትን የተማርኩት ከእሷ ነው።"

"እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሲገፉ ትርታዎ ጋለበ፤ ስትነሳ ወረደ። እሷን ቢወዱ ኖሮ ስትነሳ ነበር መጋለብ የነበረበት። ታዲያ የሚወዱት ምኑን ነው?"

አጥናፉ ትከሻውን ዳሰሰ። ባለ ጥርስ ብሩሹ ተደግፎት የነበረበት ቦታ ገና ይሞቃል።

"አሁን ቆሜያለሁ" አለች እርጋታ። "ሦስተኛዬ ነው። ምክንያት ይጠይቁኛል፤ ምን ልበል?"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው በያቸው።"

"እሱ ከሚፈቀዱት ምክንያቶች ውስጥ አለ።"

መንገዱ ጫፍ ላይ ድንቡሼ ቆመች። ሳለች፤ ስቅ አላት። ሙሉዓለም አንገቱን አውጥቶ አጥናፉን በፍርሃት አየው።

"ጠፋችበት" አለ አጥናፉ ጮክ ብሎ። "ድሮም ቢሆን አመሏ ነው።" ከሰዉ ቀድሞ ሙሉዓለም መስኮት ጋ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አክታው በዝቷል። ማክሰኞ አምጣት፣ አሳንስልሃለሁ።"

ሰዉ እያጉረመረመ፣ ፊቱ በርቶ፣ ወደ ድንቡሼ ሮጠ። አጥናፉ ወደ ኋላ ዞሮ እጅጌውን ሰበሰበና እርጋታን ጠራት። "ነይ፣ ከጎኔ ሁኚ።"

መጥታ ግንባሯን አስጠጋች። "ስንት ሰው ያህል ልግፋ?"

"እንደ አንድ ሰው" አላት። "ያውም ቁርስ እንዳልበላ።"