በሹክሹክታ የሄደው ታክሲ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች! ዛሬ የምንሳፈረው ከሶስና ጋር ነው።

ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው። የልብስ ቁልፍ መደርደር ትወዳለች፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ግን አያቷን፣ አባባ ጥሩነህን ነው። አባባ በየቅዳሜው እየመጡ አብረዋት ይደረድሩ ነበር።

አሁን ግን አባባን ጉልበታቸውን አመማቸው። ከቤት መውጣት አቃታቸው።

«እኔ እሄዳለሁ!» አለች ሶስና።

ወይ ጉድ! የአባባ ቤት እኮ ኮተቤ ነው። ኮተቤ የሚኬደው ደግሞ በታክሲ ነው።

ሶስና ታክሲ ይከብዳታል። ፈሪ ሆና አይደለም፤ ኦቲዝም ስላላት ነው። ለእኛ ትንሽ የሆነ ድምፅ ለእሷ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሞክራ ነበር። በሩ «ጓ!» ሲል ወርዳ እያለቀሰች ተመለሰች። አባባም ደጃፋቸው ላይ ሲጠብቁ ዋሉ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ሶስና የእማዬን እጅ ይዛ ታክሲ ተራ ደረሰች።

«ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንወርዳለን፣ እሺ?» አለቻት እማዬ።

«ኮተቤ! ኮተቤ! ኮተቤ!» ይጮኻል ረዳቱ ግዛው። ጉሮሮው አይደክመውም እንዴ?

ሶስና ጆሮዎቿን ያዘች። «በዛ! በዛ!» አለች። ግን ገባች። ጎበዝ!

በሩ «ጓ!» አለ። ጥሩምባው «ጲጵ! ጲጵ!» አለ። ሬዲዮው ማንም ሳይሰማው ይለፈልፋል።

ሶስና ጆሮዎቿን ያዘች። ዓይኖቿን ጨፈነች። «በዛ! በዛ! በዛ!» እያለች ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ተወዛወዘች።

ተሳፋሪዎቹ ደነገጡ። «ውይ፣ ልጅቷ ልታስመልስ ነው!» አሉ አንዲት ሴትዮ። «ፌስታል አምጡ!»

«ሎሚ ታሽትት!» «መስኮት ክፈቱላት!»

ሎሚ ከፊት መጣ። ሎሚ ከኋላ መጣ። ፌስታሉማ ሦስት ሆነ! ሁሉም ደጎች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ይጮኹ ነበር።

«መውረድ! መውረድ!» ብላ ሶስና አለቀሰች።

ዛሬም አባባን ሳያዩ ሊመለሱ ነው?

እማዬ በረዥሙ ተነፈሰች። ከዚያም ቀስ ብላ ተናገረች፦ «እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን አላመማትም። ኦቲዝም አለባት፤ ድምፅ ይበዛባታል። ዝም ብንልላት ይሻላታል።»

ግዛው እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ውይ፣ ይቅርታ እህቴ!» አለ። «እኔው ነኛ ያስለቀስኳት!»

የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው። ሬዲዮው ጠፋ። ጥሩምባውም ዝም አለ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ታክሲው ሙሉ ሰው በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። ሽሽሽሽ…

«ወራጅ አለ» አሉ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ በሹክሹክታ።

«ወራጅ አለ» አለች ከፊታቸው ያለችው። «ወራጅ አለ» አለ ከእሷ ፊት ያለው። እየተቀባበሉ ሾፌሩ ጆሮ አደረሱት፤ ታክሲው ቆመ።

ግዛው በሩን ቀስስስ አድርጎ ከፈተ። ቀስስስ አድርጎ ዘጋ።

መንገድ ዳር ታክሲ ለሚጠብቁት ሰዎችም አልጮኸም፤ በእጁ ብቻ ጠቆመ። «ይሄ ልጅ ድምፁ ተዘጋ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሶስና አንድ ጆሮዋን ለቀቀች። ትንሽ ቆየችና ሌላውንም ለቀቀች።

በመስኮት አየች። ሱቅ አለ። ባሕር ዛፍ አለ። ሣር የተጫነች አህያ አለች።

ከዚያ ድልድዩ ታየ! እማዬ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀደመቻት።

«ወራጅ አለ።»

ሶስና ናት! ድምፅዋ ትንሽዬ ነበረች። ግን ታክሲው ጸጥ ስላለ ሾፌሩ ሳይቀር ሰማት። ቆመላት።

ግዛው በጣም ሊጮኽ ፈልጎ ነበር። ግን ዝም ብሎ እጁን አውለበለበላት።

አባባ ጥሩነህ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሶስና ጥብቅ አድርገው ሲያቅፏት አትወድም። ስለዚህ መዳፋቸውን ዘረጉላት፤ እሷም መዳፏን በመዳፋቸው ላይ አደረገች።

«በምን መጣሽ፣ የኔ ዓለም?»

«በታክሲ።»

አባባ ደስ ብሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሲመሽ ሶስና አባባ ቤት አልጋ ላይ ወጣች። እማዬ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት።

«አባባ» አለች ሶስና።

«ወይ ልጄ።»

«አንተ ቁጭ በል። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ።»

አባባ ጥሩነህም አመኗት።