ወለተ ወለተ ሐና

ሥርጉት ከወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት የተላከችው የእመቤት ፍሬ ጽዮንን የትውልድ ሐረግ ገልብጣ እንድትመለስ ብቻ ነበር። ከሞተች ስድስት መቶ ዓመት ያለፋት ወይዘሮ፣ አንድ ቅጠል ብራና፣ የአንድ ቀን ሥራ። የሰባት ወር ሆዷን ይዛ በክረምት ጭቃ ስትወጣ ባሏ ተቆጥቷታል። ሁለት ፅንስ ወርዶባት ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ እሷ ግን ቤት ተቀምጦ መጠበቁ ይብስ ያስፈራታል።

ብራናው ያለበት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የተሠራው በእመቤቲቱ መቃብር ላይ ነው። ወንበር ስላልነበረ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ድንጋዩ አራት ስንዝር አይሞላም፤ ለእንዲያ ያለች ትልቅ ሰው ማነሱ ገርሟታል፣ ግን ድንጋይ ልትለካ አልመጣችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቤቱ እርጥብ ቆዳና የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል፣ በጠባቧ መስኮት የሚገባው ብርሃን አንድ መስመር በገለበጠች ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ልጁ ግን እዚያ ከተቀመጠች ጀምሮ ይመታል፤ ዱብ፣ ዱብ። ተመስገን አለች።

ከእመቤቲቱ ስም ሥር «ወለተ ወለተ ሐና» ይላል። ልጇ ትሆናለች ብላ አሰበች፤ ጸሐፊው እጁን ስቶት ቃሉን ደግሞታል በሚልም አንዱን «ወለተ» ትታ ገለበጠች። ወለተ ሐና የራሷ የሥርጉት የክርስትና ስም ነው። «ሞክሼ አገኘሁ!» ብላ ብቻዋን ሳቀች። በሚቀጥለው መስመርም ቃሉ ተደግሟል፤ ወለተ ሚካኤል፣ የሟች እናቷ የክርስትና ስም። መቼም የክርስትና ስም በየቤቱ ይገጣጠማል ብላ ራሷን አጽናናች። ሦስተኛው መስመር ወለተ ተክሌ ሲል፣ አያቷ በፍትሐቷ ቀን የተጠራችበት ስም፣ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። ፈራች። ዱብ ዱቡም ፈጠነ።

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ መሪጌታ ሐዲስ ከደጃፉ ተነሥተው መጡና ደብተሯን አይተው ቆጣ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ቃሉን ለምን ትቆርጭዋለሽ?»

«ተደግሞ ነው የኔታ፤ የጸሐፊው ስሕተት መስሎኝ።»

«ምን ስሕተት አለው! የፊተኛው ‹ልጅ› ማለት ነው፣ የኋለኛው ስም። ፍሬ ጽዮን የወለተ ሐና ልጅ፣ ወለተ ሐና የወለተ ሚካኤል ልጅ፣ እያለ ነው የሚሄደው። አንቺ ልጆቿ አድርገሻቸው ኖሯል? እናቶቿ ናቸው እንጂ።»

ሥርጉት ስሞቹን ከታች ወደ ላይ አነበበቻቸው፤ አያቷ፣ እናቷ፣ እሷ፣ ከዚያ ፍሬ ጽዮን።

«እመቤቲቱ... በስንት ዓመቷ ነው የሞተችው?»

«ምን ዓመት አላት፣ ስትወለድ ነው እንጂ! እመቤት የተባለችው በዘሯ ነው። የተቀመጥሽበትን አላየሽውም?»

ብድግ አለች። ልጇን እንዳይወስዱባት የምትከለክል ይመስል ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ዱብ ዱቡ አልቆመም፤ ከእጆቿ ሥር ግን ምንም አይንቀሳቀስም ነበር፣ የሚነሣና የሚወድቀው ድንጋዩ ላይ የቀረው ጋቢ ነው።