አንድ ቁጥር የሰጠሁት መንገድ

ይህን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ይበል፤ እኔ ግን እዛው ነበርኩ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አናት በምትበሳ ፀሐይ፣ ከአንድ አሮጌ መጋዘን ጀርባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ።

በስልክ የምንጫወተው ጨዋታ አለ። አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቅና ቦታውን ካርታ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ፈልጎ ያገኝና ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ደባቂው ለመንገዱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጣል። አምስት ገመድ የሚያስይዝ ገደል ነው። አንድ ማለት ግን... በዊልቸር ያለ ሰው ማንንም ሳይለምን ይደርሳል ማለት ነው።

የእኔን መንገዶች የምትፈትነው ታላቅ እህቴ ነበረች። ዊልቸር ላይ ከተቀመጠች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ጎማዬ ያልነካውን አንድ ብለህ እንዳትጽፍ» ትለኛለች። «ሰው አምኖህ ነው የሚመጣው።»

ያን ሳምንት አሟት ተኛች። እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። ሳጥኑን ስደብቅ የገባሁት ዘበኛው በከፈተልኝ የታችኛው በር ነበር፤ ሜዳ ነው። ካርታው ሰው የሚያመጣበትን የላይኛውን መግቢያ ዞሬም አላየሁት። «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ አልበቃኝም፣ «ከእህቴ ጋር ፈትነነዋል» ብዬ ጨመርኩበት።

በሦስተኛው ቀን መልእክት ገባ። ፎቶ የለውም፣ ስም የለውም።

«ወረድኩ። መውጫው በየት ነው?»

ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሰው ሳያይብኝ አንዱን ሰረዝኩና አራት አደረግኩት። መልእክቱንም አጠፋሁ።

ስልኬ ወዲያው በሌላ መልእክት ጮኸ።

«አሁን ቀየርከው?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ቅዳሜ፣ ሲሻላት፣ ለእህቴ ተናዘዝኩ።

«ሰው እዛ ትተህ ነው ቁጥር የቀየርከው?»

ስልኬን አውጥቼ አራቱን አሳየኋት።

«እኔ ብሆንስ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ተነስ። ውሰደኝ።»

የላይኛው መግቢያ ሦስት ደረጃ ነበረው። የተሸራረፈ። እህቴ አይታው ምንም አላለችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዊልቸሯን ፍሬን ያዝኩና እሷን ከላይ ትቼ ብቻዬን ወረድኩ።

የደረቀው ጭቃ ላይ ሁለት የጎማ መስመር አለ። ወደ ውስጥ ይሄዳል... የሚመለስ የለም። የገፊ ኮቴም የለም።

መስመሩን ተከትዬ ታችኛው በር ደረስኩ። ተቆልፏል። ዊልቸር የለም። ሰው የለም።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰው እጅ ተሞልቷል። «መውጫው በየት ነው? መውጫው በየት ነው?»

የመጨረሻው መስመር ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ።

ወደ ደረጃው በፍጥነት ተመለስኩ። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ።

ዊልቸር ደረጃ የሚወርደው ጀርባውን አስቀድሞ ነው፤ የሚያወርደው ሰው ከታች ሆኖ እጀታውን ይይዛል። እህቴ ልክ እንደዚያ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እየወረደች ነበር። አንድ... ሁለት... ሦስት። ቀስ ብላ። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

እጀታውን የያዘ ሰው የለም።

«አንተ ቀልማዳ» አለች ሳትዞር፣ እየሳቀች። «ለካ ስትፈልግ ታውቅበታለህ። ምንም አላንገጫገጭከኝም።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ሳቋ ቆመ። «አንተ ነህ አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ቢያንስ ያን ጊዜ።

«አዎ... እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እጅህ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?»

ትከሻዋን አየሁት። ሹራቧ በአምስት ጣት ልክ ወደ ውስጥ ተጎድጉዶ ነበር።