ካርዱን የዘጋው አፕዴት

«ሁሉም ነገር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልገባው።»

ይህን ያለችው እናቱ ትሁን አክስቱ ድንቅነሽ፣ ኢሳይያስ እርግጠኛ አይደለም። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ሁለቱ እህትማማቾች ሳሎን ውስጥ ያወሩ ነበር። «ብትገቢም ኪሎሽ ይበዛባቸዋል!» አለች ሌላዋ። ሳቁ ትዝ ይለዋል። ከሳቁ በኋላ የሆነውን ግን ረስቶታል።

አሁን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ዓረብ አገር፣ አል ዛሂያ የሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማቸው፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። በእጁ የያዘውን የጌም ማሽን ያጠፋዋል፤ መልሶ ያበራዋል። ካርዱን አውጥቶ እፍ ይልበትና እንደገና ይከተዋል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን ያው ነው፦ ይህን ካርድ መጠቀም አይቻልም።

ከሳሎን የፕላስተር ድምፅ ይሰማል። ድንቅነሽ ካርቶን እያሸገች ነው። ኸሊፋ ሲቲ ውስጥ አሠሪዎቿ ቤት እየኖረች ልጅ ታሳድጋለች፤ እሁድ እረፍቷ ነው። ከቅዳሴ በቀጥታ እዚህ እየመጣች፣ የገዛችውንም የተሰጣትንም ካርቶኑ ውስጥ ታጠራቅማለች። ሲሞላ በካርጎ ደሴ፣ አያቱ ጋ ለሚኖረው ልጇ ለዮናስ ይሄዳል። ይሄኛው ለገና እንዲደርስ ዛሬ መውጣት አለበት። የካርጎው ሰው ዑስማን ደውሎ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል።

ጌሙን የሰጠቻት አሠሪዋ ማዳም ፈሪዳ ናት። ለልጆቿ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ከነካርዱ «ለልጅሽ ውሰጂው» አለቻት። ካርዱ ኦርጅናል አይደለም፤ ግን ብዙ ጌም ተጭኖበታል። ዮናስ ቤት ዋይፋይ ስለሌለ፣ ያለ ካርዱ ማሽኑ ባዶ ዕቃ ነው።

«ጥረግልኝና ቻርጅ አድርግልኝ፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ» ብላው ነበር ባለፈው እሁድ። ጠረገው። ቻርጅ አደረገው። ከዚያ አላስቻለውም። ከሚካል ጋር ለመጋጠም ከዋይፋይ ጋር አገናኘው፤ ማሽኑ «አፕዴት ላድርግ?» ሲለው ሳያነብ ተጫነው።

ሚካል ከኬጂ ጀምሮ ጓደኛው ናት፤ አሁን ቤተሰቦቿ ሌላ ከተማ፣ አል ዐይን፣ አል ጃሂሊ አካባቢ ገብተዋል። ደወለላት።

«አፕዴት አደረግከው?» አለች። «ኢሳ፣ ሲሪየስሊ? ፎርጅድ ካርድ እያለበት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አፕዴቱ እኮ ኦርጅናል ያልሆነ ካርድ ነው የሚዘጋው። ማሽኑን ወደ ድሮው መመለስ ደግሞ አይቻልም። ኸላስ!»

«በቃ ሞተ?»

«ቆይ፣ አትነፋረቅ። ካርዱን የሠሩት ሰዎች አዲስ ፋይል አውጥተዋል። እሱ ሲጫንበት ካርዱ ከአዲሱ አፕዴት ጋር ይስማማል።»

«ታዲያ አሁን ልጫነው!»

«አይሆንማ! ካርዱን በሚከፍት ማሽን ነው የሚጫነው፤ አፕዴት ባልተደረገ። ያንተ ደግሞ…» ሳቀችበት። «የኔ አሮጌው አልተነካም። ካርዱን ይዘህ ና።»

«ሚኪ፣ ካርጎው እየመጣ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ንገራት።»

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው። ዝም ቢልስ? ካርቶኑ ደሴ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል። ባለፈው ብርጭቆዎቹ ተሰባብረው ሲደርሱ ሁሉም «ካርጎ ነው» ብሎ ተወው፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ይሄም «ካርጎ ነው» ይባላል። ጌሙን በፎጣ ጠቀለለና ወጣ።

ድንቅነሽ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላለች። «አመጣኸው? ቦታ ትቼለታለሁ፤ በልብሶቹ መሃል። ይሄ ልጅ እኮ ሲደውል ሌላ ወሬ የለውም። እማ ኳስ አለው? እማ መኪና አለው? ሁሉም አለው አልኩት። የሰፈሩን ልጆች ከአሁኑ ተራ አስይዟቸዋል አሉ!»

እጇን ዘረጋች። ኢሳይያስም ዘረጋላት፤ ግን አልለቀቀውም። ሳብ አደረገችው።

«ምነው፣ ሳሳህ እንዴ?»

«አክስቴ… አይሠራም።»

«ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። አፕዴት አደረግኩት፤ ካርዱን ዘጋው። አትንካ ብለሽኝ ነበር።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ፎጣውን ገልጣ ጌሙን አየችው፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል።

«እኔ ይሄን ልጅ ከ‹እመጣለሁ› በቀር ዋሽቼው አላውቅም» አለች።

ኢሳይያስ መቆምም መቀመጥም አቃተው። ደወል ተደወለ። ዑስማን በሩ ላይ ሆኖ «ኸላስ፣ አለቀ? ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ፤ ታች መኪና አቁሜያለሁ!» አለ። ድንቅነሽ ጌሙን ሶፋው ላይ አደረገች። ክፍት በቀረው ቦታ ፎጣውን አጥፋ ከተተችና ካርቶኑን አሸገችው። ዑስማን ተሸክሞት ወረደ።

«ይስተካከላል» አለ ኢሳይያስ ቶሎ ብሎ። «ሚካል ታስተካክለዋለች፤ አል ዐይን ካርዱን መውሰድ ብቻ ነው። እማዬ ግን ብቻዬን አውቶቡስ አታሳፍረኝም።»

«ከዚያስ በምን ይሄዳል?»

«ለገና አገር የሚገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። በእጁ ይይዝልሻል።»

ድንቅነሽ ጌሙን ከሶፋው አነሳችው። በዚህ አገር ስትኖር የምታውቀው የማዳምን ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ይሄን ሳሎን ነው።

«አል ዐይን ምን አለ?»

«ሚካል አለች። የድሮ ምሽግ አለ። ዛፍ አለ፣ ብዙ ዛፍ።»

«ሳይመሽ ካልገባሁ ማዳም ትጮኻለች።»

«እንደርሳለን።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እሺ። የሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሄዳለን።» ከዚያ ስልኳን አውጥታ የዮናስን ቁጥር ነካችና ሰጠችው። «ለሱ ግን የምትነግረው አንተ ነህ።»

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ኢሳይያስ እስከ መስኮቱ ሄደ፤ ተመለሰ። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እሺ» አለ።