«ዝናቡ» የሌለበት ካሴት

ደላላው እንግዳው ካሴቱን በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ባትሪ ለመቆጠብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። መሀል ላይ ሲደርስ በካሴቱ አፍ ቀይ ነገር አለፈ፤ ክሩ ተቆርጦ የተጣበቀበት ነው። ከእግሩ ሥር፣ ካሴት ሻጩ ሉጥፊ ሞቶ ወድቆ በተገኘበት ሲሚንቶ ላይም ቀይ ነጠብጣብ ደርቋል። ሬሳው ሆስፒታል ሄዷል።

እንግዳው ጎንደር ሳለ የፖሊስ መርማሪ ነበር፤ አሁን ሰሊጥ ይደልላል። የአበሻ ሽማግሌዎቹ የጠሩት በግድያው ለተጠረጠረው ለስንሻው ብለው ነው። ስንሻው የሰሊጥ አጫጅ ነው፤ ከቁረይሻ እርሻ በመጣ ቁጥር ሉጥፊ ካሴት ቤት ይውላል። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ፖሊሶቹ ስንሻውን ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት ሲያበቃ እንወስደዋለን ብለዋል።

የስንሻውና የሉጥፊ ክርክር በገበያው የታወቀ ነው። አንድ አሮጌ የፈረንጅ ሮክ ካሴት አለ፤ ሽፋኑ ስለጠፋ ዘፈኖቹን ራሳቸው ስም አወጡላቸው። መጀመሪያ «ለቅሶው» ይመጣል፤ ቀጥሎ ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የሚንጠባጠበው «ዝናቡ»፤ ከዚያ «ባቡሩ»። ለስንሻው ከ«ዝናቡ» ወዲያ ዘፈን የለም። ሉጥፊ «ባቡሩ»ን ያነግሥ ነበር። ትናንት ስንሻው «ጆሮህን አላህ የሰጠህ መነጽር እንድታንጠለጥልበት ነው» ብሎት ሰው ሁሉ ስቋል።

ጎረቤቱ ጨርቅ ሻጭ አኑዋር፣ በቀትር ወደ መስጊድ ሲሄድ በደጁ ማለፉን ተናገረ።

«ሉጥፊና ስንሻው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ‹ዝናቡ› እየተሰማ ነበር፤ ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ዱብ አለ። ወላሂ ጋሼ፣ ዛሬ እግሬን አላስገባሁም።»

«‹ዝናቡ› ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?»

«ቅጂው ቤቴ አለ። በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።»

ሻይ የምትሸጠው የአኑዋር እኅት ናጂያ አላለቀሰችም። አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች። ሉጥፊ ለጋብቻ ጠይቋት እሺ ማለቷን፣ ወንድሟ ግን አለመፍቀዱን የሌላ ሰው ወሬ በሚመስል ድምፅ ነገረችው።

«ጠዋት ኩቴክሴን ወሰደ። ማሽኑ ካሴቱን በልቶበት ነበር፤ ቆርጦ ሊያጣብቅበት። ‹ለስንሻው እንዳትነግሪ› አለኝ።»

እንግዳው ሁሉንም ካሴት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። ሬሳው ሲገኝ ማሽኑ ውስጥ የነበረውን ያንኑ ካሴት መልሶ ከተተና ቁልፉን ተጫነ። «ለቅሶው» አለቀ። ትንሽ ቅጭ አለና «ባቡሩ» ጀመረ።

ስንሻው ቀና አለ። «‹ዝናቡ›ስ?»

እንግዳው ከቆሻሻ መጣያው የተጨማደደ ክር አወጣ። «ይኸው። ማሽኑ ስላኘከው ሉጥፊ ዛሬ ጠዋት ቆረጠው። እዚህ ቤት በቀትር ‹ዝናቡ› ሊሰማ አይችልም። አኑዋር፣ የነገርከኝ እዚህ የሰማኸውን ሳይሆን የቤትህን ቅጂ ነው።»

«ተሳስቼ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ጫማህን አውልቅ።»

ሶሉ ላይ ቀይ ነበር።

«ሉጥፊ የተመታው ማጅራቱን ነው፤ አልደማም። መሬት ላይ ያለው ሲወድቅ የተደፋው ኩቴክስ ነው። ኩቴክስ ቶሎ ይደርቃል። ስንሻው ሲደርስ ደርቆ ስለነበር ጫማው ንጹሕ ነው። አንተ ግን እርጥቡን ረግጠኸዋል፤ ሲወድቅ እዚህ ነበርክ።»

አኑዋር እኅቱን አየ። «ያለ ፈቃዴ ቃል ሰጠችው» አለ ቀስ ብሎ። ናጂያ አላየችውም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ የወሰዱት እሱን ነው። ስንሻው ነጻ ቢባልም አልተነሣም፤ «ባቡሩ» እስኪያልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ።

«ይኼም ደህና ነው» አለ።

እንግዳው ካሴቱን አወጣ፤ በእስክሪብቶው እስከ መጀመሪያው መለሰው፤ ሽፋን የሌለው ሳጥኑ ውስጥ ከተተና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።