አሥር መትቶ ዝም

ሙት ተነሣ፣ ጥላ ታየ፣ ከወንዝ ማዶ ሰው የሌለው ድምፅ ተሰማ ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ዛሬም ጎረቤቶቼ አንዱን ልጅ ጋኔን ለከፈው ብለው ሲሯሯጡ «ወባ ይሆናል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብዬ የምጮኸው እኔው ነኝ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ከአንድ የዋህ አፍ እንደወጣ አትውሰዱብኝ። የተማርኩት ሒሳብ ነው፣ እንጀራ የበላሁትም በኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ካዘዙት ውጭ አንዲት ቁጥር አይጨምርም፣ ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መሥሪያ ቤቴ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ላከኝ። ከከተማው ወረድ ብሎ በሜዳው ላይ የተረጂዎች መጠለያ ነበር፣ ከላስታ ደጋ ሁሉ፣ ከኩልመስክም ከፍላቂትም፣ ሰው በእግሩ ይጎርፍ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና የሚያህል አንድ ኮምፒውተር በዕርዳታ መጥቶ ነበርና እሱን ከአራት ዲስክ ጋር ሰጡኝ፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል አስገቡኝ፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ ስለሌለ ጠዋት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ብቻ ይነሣል አሉኝ። የታዘዝኩት ሥራ ትንሽ ናት፣ ማን መጣ፣ ማን ወጣ፣ ማን ማንን ፈለገ የሚለውን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር መስመር በመስመር የሚይዝ ቀላል ፕሮግራም መሥራት ነው።

ሠራሁት፣ በሳምንቱ አንዱ ዲስክ ሞላ። የሚሞላውም በመጤው ብዛት አልነበረም፣ በደጋጋሚው ነው። ዘመድ የጠፋበት ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ያንኑ ይጠይቃል፣ ያው መስመር ይደገማል። ጓድ አስተባባሪው ደግሞ «ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ» ብለዋል፣ ጓድ ካሉ አሉ ነው። ስለዚህ ለፕሮግራሙ ልጓም አበጀሁለት፣ ስሙንም ልጓም አልኩት፣ ያው ነገር ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከተደጋገመ መስመሩን መጻፍ ያቆምና ከታች አንዲት ቁጥር ብቻ ያሳድጋል። ሁለቱ ነገሮች «ያው» መሆናቸውን የሚያውቀው በአባወራው ስም ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚመዘገበው በአባወራ ነበርና፣ ከስሙ ጋር የጉዳዩ ቁጥር ይገባል፣ መምጣት አንድ፣ መውጣት ሁለት፣ ሞት ሦስት፣ ፍለጋ አራት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች አጭር ፕሮግራም ኮርቼባታለሁ፣ ክብደት የላት፣ ቦታ አትይዝ።

መጠለያው የላይ በርና የታች በር ነበረው። በሽታ እንዳይዛመት አዲስ የመጣው በታች በር ይቆያል፣ የቆየው በላይኛው ግቢ ይኖራል፣ መሐላቸው በእሾህ አጥር ተለይቷል፣ ላዩ ወደ ታች፣ ታቹ ወደ ላይ አይሻገርም፣ ከኛ ከሠራተኞቹ በቀር፣ የኔም ክፍል ከአጥሩ ትንሽ ወረድ ብላ ነበረች። የላይ በር ጸሐፊ መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፣ ለእጅ ጽሑፋቸው ሲባል ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተለመኑ ሽማግሌ፣ የታች በር ደግሞ ባሻ ወርቄ የሚባሉ የድሮ ወታደር። ሁለቱም ጠያቂ ሲመጣ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ፣ ጠዋት ወረቀቱን አምጥተው ይከምሩልኛል፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባለሁ።

ወይዘሮ ዘነቡን ያወቅኋቸው በላይ በር ነው። ከኩልመስክ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ናቸው፣ ባላቸው ደምሌ በቤት ሞተው ተቀብረዋል፣ ሰባት ዓመት የሆናት ልጃቸውን የሻረግን ይዘው ሲመጡ በመንገድ ጠፍታባቸዋለች። እንዴት እንደጠፋች ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤

«ጉም ወረደብን እታለም። እኛ አገር ጉም ሲወርድ በድንጋይ ነው የምንጠራራ፣ ድምፅ ገደል ለገደል ይዞራል፣ ድንጋይ ግን አይዋሽም። አሥር ትመቻለሽ፣ ከዚያ ዝም ነው፣ ዝም ያልሽው የሌላውን ልትሰሚ ነው። እኔ አሥር መታሁ፣ እሷ አሥር መለሰች፣ ደግሞ መታሁ፣ ደግሞ መለሰች። በኋላ እኔ መታሁ።»

ባሏ ሞቶ ልጅ አንድ ብቻ የቀራት ሴት ነበረች፣ አንቱ ስላት ኖሬ እዚህ ላይ አንቺ ማለቴ ሆዴ ባብቶ ነው። ታዲያ ይገርማችኋል፣ ያን ዕለት ወደ ክፍሌ ተመልሼ ልጓሙን ከመቶ ወደ አሥር አወረድኩት፣ አሥር ብሎ ዝም ማለት ጥሩ ደንብ ነው ብዬ ከሳቸው ወሰድኩ። እሳቸው ዝም የሚሉት ለመስማት እንደሆነ እየነገሩኝ፣ እኔ ላለመስማት አዋልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ለመሪጌታ ኮምፒውተሩን አሳየኋቸው፤ «ይዩልኝ መሪጌታ፣ በደምሌ ቤት ፍለጋ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተጠይቋል፣ የተጻፈው አሥር መስመር ብቻ ነው፣ ሃያ ሰባቱ ተረፈ» አልኳቸው።

«የተረፈው የት ተቀመጠ?» አሉኝ።

«የትም፣ ተጣለ።»

«እንግዲያ ተረፈ አይባልማ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ «እኔ ሴትዮዋ በመጡ ቁጥር እጽፋለሁ። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ የምንለው እኮ አንዴ ስንለው እግዜር ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም።»

ሳቅኩ። ሽማግሌ ነው፣ ይበል ብዬ ነው የሳቅኩት። ጄኔሬተሩ በስድስት ሰዓት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም ጠፋ፣ ሶኬቱንም በእጄ ነቀልኩት፣ ይህንንም ያዙልኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጉሙ ወረደ፣ ግቢው፣ አጥሩ፣ ድንኳኑ አንድ በአንድ ተሸፈነ፣ እጄን ዘርግቼ ጣቴን ማየት አቃተኝ ብላችሁ እመኑኝ። በክፍሌ ተቀምጬ የነገን ወረቀት ስደረድር ከበስተጀርባዬ፣ በታች በር በኩል ካለው የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ። ካፊያ ነው አልኩ፣ ካፊያ እንደዚያ ተራርቆ አይወርድም። ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ነው አልኩ። ቆመ። ትንሽ ቆየና ጀመረ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ ቆጠርኩት፣ አሥር ላይ ቆመ። ደግሞ ጀመረ፣ አሥር ላይ ቆመ። ዝምታው ነው ያስፈራኝ፣ ሰው ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ያለውን ዝምታ ታውቁት የለ፣ እንደዚያ ነበር።

ተነሥቼ ወጣሁ፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳሰስኩ ዞርኩ፣ ከኋላ ማንም የለም። ቆርቆሮው ግን ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ ቦታ ብቻ ጤዛው ተጠርጓል። ያን እያየሁ ሳለ ከላይ በኩል ሌላ ድምፅ ተነሣ፣ ይኸኛው ድንጋይ በድንጋይ ነው፣ አሥር መታና ዝም አለ፣ እሱ ዝም ሲል የኔው ቆርቆሮ፣ ዓይኔ እያየው፣ ማንም ሳይነካው፣ አሥር መለሰ።

ወደ ላይ ሮጥኩ። ወይዘሮ ዘነቡ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ድንጋይ ይዘዋል፣ ጉሙ ከወገብ በታች ውጧቸዋል።

«ሰማሽው እታለም?» አሉኝ። «ስመታ መለሰልኝ፣ በታች በኩል ነው፣ ሰማሽው አይደል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ የተማርኩት ሴት ራሴን ያወቅኩት። አንድ ቃል ነው የሚፈለግብኝ፣ አዎ ማለት ብቻ። እኔ ግን ሙት አይነሣም ባይ ነኝና፣ «ምንም አልሰማሁም፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲመታው ነው፣ ይግቡ ብርድ ነው» አልኳቸው።

ነፋስ እኮ አልነበረም፣ ነፋስ ቢኖር ጉሙ ይቆም ነበር? እሳቸው ግን ትንሽ አዩኝና ድንጋዮቹን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ከዚያ ገቡ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ብቻውን ስንት ጊዜ እንደመታ አልቆጠርኩም፣ ነጠላዬን በጆሮዬ ላይ ጠቅልዬ ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ ጄኔሬተሩ ሲነሣ አንድም ወረቀት ሳላስገባ መዝገቡን ከፈትኩ። ደምሌ፣ ፍለጋ፣ ከታች ያለችው ቁጥር ትናንት በስድስት ሰዓት ሠላሳ ሰባት ነበረች፣ መሪጌታም አይተዋታል። አሁን አራት መቶ አሥራ ሁለት ትላለች።

ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ለማረጋገጥ የሦስት ሳምንቱን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ በደምሌ ስም ለፍለጋ የተጻፈውን ለቀምኩ። ሠላሳ ሰባት ሆነ፣ ልክ ነው፣ ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። ሠላሳ ስድስቱ በመሪጌታ እጅ የተጻፉ ናቸው። አንዷ ግን በባሻ ወርቄ ጎርበጥባጣ ጽሑፍ ናት፣ ከስምንት ቀን በፊት የተጻፈች፤ «የደምሌ ልጅ ነኝ ትላለች፣ ሴት፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት፣ እናቷን ትፈልጋለች።»

ወረቀቷን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ደምሌ የሚለውን አይቻለሁ፣ ትፈልጋለች የሚለውን አይቻለሁ፣ አራት ቁጥርን ተጭኜ ወደ ቀጣዩ አልፌያለሁ። እናት ልጇን ስትፈልግና ልጅ እናቷን ስትፈልግ ለኔ ልጓም ያው ነበር፣ አሥሩ ሞልቷልና ዋጠው። ከታች በር እስከ ላይ በር ዶሮ ሲጮህ የሚሰማበት ርቀት ነው።

ባሻ ወርቄን ያገኘኋቸው እየሮጥኩ ነው። «አዎ፣ ይቺን የምታህል» አሉና እጃቸውን ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ «ድንጋይ ይዛ የበሩን ቆርቆሮ ትመታለች፣ አሥር መትታ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ደግሞ ትመታለች። ቀኑን ሙሉ ነው እንዲያ የምትል፣ ተይ ብላት አትተው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ጫጫታ መሐል ግን ማን ይሰማታል።»

«ታዲያ በጠየቀች ቁጥር ምነው አልጻፉም?»

«ደጋግሞ ለሚጠይቅ አንድ ወረቀት ብቻ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነኝ። ብያለሁ።

«ከላይ መልስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ» አሉ ባሻ፣ ዓይናቸውን ከኔ አንሥተው። «በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ያዛት። ቄሶች ከታች በሩ አጠገብ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቀበሯት፣ የክርስትና ስሟን ብናጣው ወለተ ማርያም ብለው ፍትሐት አደረሱላት። ያለ አባወራ የመጣች ናትና የሞት ወረቀትም አልጻፍኩላት።»

ወደ እናትየዋ መሪጌታን ይዤ ሄድኩ፣ ብቻዬን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወረቀቷን፣ ልጓሙን፣ አራት ቁጥርን፣ ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም፣ ግን ጥፋቱ የኔ መሆኑ እንዲገባቸው ፈልጌ ነበር። ይጮሃሉ፣ ፊታቸውን ይነጫሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«ጠይቃኛለች?»

«ጠይቃዎታለች።»

«ስንት ጊዜ?»

መሪጌታ ወደኔ አዩ። የምታውቁት ነው፣ የባሻ ወረቀት አንዲት ናት፣ ሌላውን ማንም አልጻፈውም። እኔ ግን፣ ያ በሙት መንፈስ ወሬ የሚስቅ አፌ፣ ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ሠላሳ ሰባቱን ቀነሰና «ሦስት መቶ ሰባ አምስት ጊዜ» አለ።

ወይዘሮ ዘነቡ ፈገግ አሉ፣ በዚያ ፊት ላይ ፈገግታ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። «እንዲያ ናት» አሉ፤ «የሻረግ ነገር ከያዘች አትለቅም።» ከዚያ ትንሽ ቆዩና «ያን ዕለት በጉሙ ሰምተሻል አይደል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እኔም ሰምቼ ነበር። አንቺ የለም ስትዪኝ ነው ድንጋዬን ያስቀመጥኩት» አሉና መሬት ላይ ተደፍተው፣ ያኔ ነው ያለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፣ መሪጌታም፣ ስንነሣ መሽቶ ነበር።

ልጓሙን በዚያው ሳምንት ከፕሮግራሙ አወጣሁት፣ ጓድ አስተባባሪው በረዘመው ሪፖርት ጮኹብኝ፣ ይጩኹ። ወይዘሮ ዘነቡ ጽዱ ሥር ድንጋይ ከምረው ክረምት ሲገባ ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። አዲስ አበባ ተመልሼ ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ዲስኩ እርጥበት ገብቶት ነው አሉኝ፣ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ይህንኑ ነበር የምለው፣ ስለዚህ አልተከራከርኩም።

ብቻ ዲስኩን አልጣልኩትም። በዓመቱ ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፣ ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሁለት አልነበረችም፣ ጨምራለች። በሌላው ዓመትም ከፈትኩት፣ ጨምራለች። ከዚያ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥን ሥር አስቀመጥኩት፣ ብዙ ዘመን ሆነው። አንዳንዴ ብርድ በሆነ ከሰዓት በኋላ አውጥቼ እይዘዋለሁ፣ ማንኛቸው ናት ዛሬም የምትጠይቀው፣ እናትየዋ ናት ወይስ ልጅቱ እላለሁ፣ ግን ከፍቼ ባየውም አላውቀውም፣ ለሁለቱም የሰጠኋቸው አንድ መስመር ነው።