የግራው ፓራፋንጎ

«እሺ በግራ በኩል ቢዳብስስ? ያኔ ምን ይውጠናል?»

አያቷ ይህን የጠየቁት በሹክሹክታ ነው። ያጠቡትን ብርጭቆ መልሰው ያጥባሉ፤ ዓይናቸው ከወጥ ቤቱ መስኮት አልተነቀለም። ልጅቷም አጠገባቸው ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። ከመስኮቱ ማዶ፣ ግቢው ውስጥ፣ አባቷ እንግሊዟን ለመጨረሻ ጊዜ እያጠባት ነበር።

እንግሊዟ መኪና ናት። ዕድሜዋ ከልጅቷ አባት የሚበልጥ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ድንኳን የሚታጠፍ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። አባቷ ዝገት በልቷት ከቁርጥራጭ ብረት መሃል ነው ያገኛት። ልጅቷ ድክ ድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ በየእሁዱ ሲቀጠቅጣት፣ ሲሞርዳት፣ ሲበይዳት ኖሯል። ሙያው ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ አቃንቶ እንደ አዲስ የሚያደርግ። ሌላው ባትላሜራ ጎድጓዳውን ስቱኮ በሚባል ልስን ሞልቶ፣ ቀለም ለቅልቆበት ይሸኛል። እሱ ስቱኮ አይነካም። «ስቱኮ ሊጥ ነው» ይላል፤ «መኪና ደግሞ ዳቦ አይደለም።»

አሁን ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ግላኮማ ነው ተባለ። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ፣ የቀረችው የቁልፍ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ናት። የሄደው አይመለስም ብሎታል ሐኪሙ። እሱም አንድ ቀን ድንገት «እንግሊዟን የሕፃናት ዓይን ለሚያሳክመው በጎ አድራጎት ድርጅት እሰጣታለሁ» አለ። «በጨረታ ይሽጧትና ለሕፃናቱ ትሁን። ስትሄድ እያየኋት ትሂድ።» ያን ቀን ቤት ውስጥ ማንም እህል አልቀመሰም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊወስዷት ይመጣሉ።

የግራው ፓራፋንጎ ጣጣ የመጣው ሊሰጣት ከወሰነ ወዲህ ነው። አባቷ ለምርመራ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ሰሞን፣ ልጅቷ ለጓደኛዋ ጉራዋን ልትነፋ ፈለገች። ጓደኛዋን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ለምን እንደሆነ አንዴ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሬዲዮን መኪናዋ ውስጥ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ለቀቀችው። ግቢው ቁልቁለት አለው። እንግሊዟ ኮሽ ሳትል ተንሸራታ የበሩን ምሰሶ መታች። ከግራው የፊት መብራት በታች ፓራፋንጎው፣ ጎማውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ወደ ውስጥ ገባ።

«አትጨናነቂ! ወንድሜ ቀለም ቀቢ አይደል?» አለች ሬዲዮ። ወንድሟ መጥቶ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቀለሙን አመሳስሎ ረጨው። አያቷ ከገበያ ሲመለሱ ሽታው ተቀበላቸው። ጮኹ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ» አሉ። «ሰውዬው በአንድ ክር ነው የተንጠለጠለው። እሷንም አንቺ ልትበጥሺያት ነው?»

«መዶሻዬ!» ሲል አባቷ ከግቢው ተጣራ። ይህ ስም የወጣላት ትንሽ ሳለች መዶሻ ስታቀብለው ነው።

አያቷ ክንዷን ለቀም አደረጉ። «ዝም አይነቅዝም፣ የኔ እናት። እባክሽ።»

ስትወጣ አባቷ በግራው ፓራፋንጎ ፊት ተንበርክኳል። ቀጭን ጨርቅ መዳፉ ስር አድርጎ ቆርቆሮውን ከላይ ወደ ታች ይዳብሳል። ባትላሜራ የሚያየው እንዲህ ነው፤ ዓይን የሚስተውን መዳፍ አይስተውም። እጁ ከመብራቱ በታች ደረሰና ቆመ። ተመለሰ። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው። ዞሮ የቀኙን ኳ ኳ አደረገ። እንደገና የግራውን።

«ነይ እስኪ። አንቺ ዓይን አለሽ። እዚህ ጋ የሚታይ ነገር አለ?»

ጎንበስ አለች። ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ የራሷ ፊት ሳይቀር ይታያታል።

«ምንም የለም፣ አባዬ።»

«ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ልክ እንደ ቀኙ ነው።»

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከቁጣ ባሰባት። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው እጄም ሄዷል ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮዬም። ሊጥ ሊጥ ይለኛል። በገዛ እጄ የቀጠቀጥኩት ቆርቆሮ!»

ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ቤት ገባና ስልኩን አነሳ። የደወለው ለጋራዡ ባለቤት ነበር። ሰውየው በቀደም ቤት ድረስ መጥቶ «ዓይንህን ተወው፣ እጅህን ይዘህ ና። ልጆቹን አስተምርልኝ፤ የተሠራውን እየዳበስክ አንተ እለፍ ስትለው ብቻ ይውጣ» ብሎት ነበር። ያ ቃል ከተሰማ ወዲህ አባቷ ጠዋት ጠዋት ጢሙን መላጨት ጀምሯል።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አለ አሁን በስልኩ። «አልመጣም... አይ፣ ዓይኔ አይደለም። እጄ ነው... በናትህ አታጽናናኝ።» ስልኩን ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሬዲዮ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች።

«አቦ ፈታ በይ እንጂ! ዛሬ ትሄዳለች፣ አለቀ በቃ። ወንድሜማ ሽልማት ይገባዋል።»

«ዝም በይ።»

«እኔ? ዝም? አሞሻል እንዴ?»

«አባዬ እጄ ሄዷል እያለ ነው። ሥራውን እምቢ አለ። አሁን፣ በስልክ። በኔ ምክንያት።»

ሬዲዮ ጠፋች፤ ድምፅዋ ማለት ነው።

አያቷ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «ማንም ምንም አይናገርም! መኪናዋ ትሂድ፣ ነገሩም በላይዋ ተጭኖ ይሂድ። ዓይኑን ያጣ ሰው ልጁን ደግሞ ይጣ? ያቺን አንዲት የሚያምናትን?»

«እማማ፣ እጁን እኮ አላጣም!»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አያቷ አፏን ሊይዙ ተንጠራሩ። ያን ጊዜ ነው ከውጭ የመኪና ጥሩምባ የተሰማው።

ከድርጅቱ የመጣችው ሴት ፈገግታ የማይለያት፣ ጫማዋን በር ላይ ደጋግማ የምትጠርግ ሰው ናት። የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁማ ገባች። ውኃ ተሰጣት፣ አመሰገነች፣ ተቀመጠች። አባቷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ» አለች። «በጨረታው ማስታወቂያ ላይ ‹ሙሉ ቆርቆሮ፣ ስቱኮ ያልነካት› ብለን እናውጣው? እንደዚያ ነበር የነገሩን። ገዢዎቹ የእርስዎ ሥራ ነው ሲባሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚገዙት።» ወዲያው በገዛ አነጋገሯ ደነገጠች። «ይ...ይቅርታ!»

«ግድ የለም፤ እኔም ጨፍኜ ነበር የማምነው» አለና አባቷ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። «አታውጡት። በኔ ቃል አትሽጧት። የገዛ እጁን የማያምን ባትላሜራ ቃል የለውም።»

«እጅህ ልክ ነው» አለች ልጅቷ።

ድምፁ የሷ አልመስል አላት። አያቷ «ውይ ልጄ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስቱኮ ነው፣ አባዬ። ከመብራቱ በታች። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ፍሬኑን ለቅቄው ምሰሶ መታች። አስሞላሁት። ጠዋት ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። እጅህ ልክ ነው። ጆሮህም ልክ ነው።»

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቃ አስቀመጠች። ሬዲዮ በሩ ጋ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ቆማለች።

አባቷ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ ዘረጋው። «ስቱኮው ስንዝር ይሞላል?» አለ።

«ይሞላል።»

«ወደ ታች ወፈር ያለ?»

«አዎ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ መዳፉ አጠፋቸው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

«እጄን ትቼ ያንቺን ዓይን ነው ያመንኩት» አላት።

«ይቅርታ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ግን ምንን ያክላል? ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ከመብራቱ በታች ስቱኮ አለ ብላችሁ አውጡት» አለች። «ያቺን ቦታ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ የሱ እጅ ነው። እንደዚያ ብላችሁ አውጡት።»

አባቷ ተነሳ። ወንበሩ አጠገብ የነበረውን ምርኩዙን አልያዘም። አያቷ ሊይዙት የዘረጉትን እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። ደረጃውን ወረደ፣ እንግሊዟን ሳይነካት አልፏት ሄደ፣ የውጭውን በር ከፍቶ ወጣ።

«ብቻውን! መንገዱ ሁሉ መኪና ነው!» አሉ አያቷ። ወዴት እንደሚሄድ ማንም አላወቀም።

ልጅቷ «አባዬ» ብላ ልትጣራ ፈልጋ ተወችው። ሮጣ ክንዱን ብትይዝ ዛሬ አይሰጣትም። ከኋላ ግን መሄድ ትችላለች፤ መኪና ቢመጣበት የምትደርስበትን ያህል ቀርባ፣ ኮቴዋን እንዳይሰማ ርቃ። አያቷን ትከሻቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ጫማዋን አጠለቀች። ተከትላው ወጣች።